ቁሌት ያቆመው ሽምግልና

ሃያ አራት አመቴ ነው፤ ሽማግሌ ሆኜ ግን ሶስት ጊዜ ተልኬያለሁ፣ ሶስቱንም አንድ ቤት። ጓደኛዬ ሚክያስ ትርሲትን ሊያገባ ወንጌላዊ ኤሊያስን ለመነ፣ አጎቱን ጋሽ ሽብሩን ከሞርሲቶ አስመጣ፣ ሶስተኛው ሰውዬ ጠዋት ላይ «ወገቤን» ብሎ ቀረ። ሁለት ሰው አይላክም ተባለና የአባቴን ኮት አለበሱኝ። እጅጌው ጣቴን ሁሉ ውጦታል።

የትርሲት አባት ጋሽ ወንዳፈረው ሆሳዕና ላይ ሰላሳ አመት አማርኛ ያስተማሩ ናቸው። ግማሽ ከተማ እሳቸው ጋር ተምሯል፣ ከዛ ውስጥ ግማሹ ወድቋል። እኔ ከወደቁት ነኝ።

ወንጌላዊው በር ላይ አስጠነቀቁን። «የልጅቷ አባት ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ዝም ብላችሁ ራሳችሁን ነቅንቁ።»

ነቀነቅን። ጋሽ ወንዳፈረው «ልጁ ስራው ምንድነው?» እስኪሉ ድረስ ሁሉም ጥሩ ነበር።

«መናኸሪያው ጋ ምግብ ቤት አለው» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «ቁሌቱን የቀመሰ ሰው ሌላ ቤት አይበላም።»

ጋሽ ወንዳፈረው መነፅራቸውን አስተካከሉ። «ቁሌት የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከቁልል ነው። ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ተቆልሎ ስለሚገባ።»

ጋሽ ሽብሩ ደግሞ እድሜያቸውን ሙሉ ግብርና ቢሮ ሰርተው ከገበሬ ጋር ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «እንደሱማ ከሆነ የጤፍ ክምርም ቁሌት ነው» አሉ። ወንጌላዊው እግራቸውን ረገጧቸው፤ አልተሰማቸውም። «ቃሉ ድምፅ ነው ጋሼ። ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ ቁል ቁል ይላል፣ አለቀ።»

«ሳምንት ተመለሱ» ተባልን።

ሳምንት ስንመለስ ጠረጴዛው ላይ ሶስት መዝገበ ቃላት ተደርድሯል። የትርሲት ስም በሁለት ሰአት ውስጥ አንዴም አልተነሳም። ወንጌላዊው «ወደ ልጆቹ ጉዳይ ብንመለስ» ሲሉ ሁለቱም ባንድ አፍ «ይደርሳል» አሏቸው።

ማታ ሚክያስ ደወለ። «ምን አሉ?»

«መጀመሪያ የቃሉ ስር ይታወቅ ነው የሚሉት።»

«የምን ስር?»

«የቁሌት።»

«አጎቴን ቀይሩልኝ» አለ። የተላከ ሽማግሌ ደግሞ መሃል ላይ አይቀየርም። ትርሲት «አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም» ብላዋለች፣ በሶስተኛው ባዶ እጁን የወጣ ሽማግሌ ደግሞ አራተኛ አይሄድም። የቀረችን አንድ እሁድ ናት።

በሶስተኛው እሁድ ጋሽ ሽብሩ ትንፍሽ ላይሉ ማሉልን። ገባን፣ ተቀመጥን፣ እውነትም ጭጭ አሉ። ጋሽ ወንዳፈረው አላስቻላቸውም። «ምነው ዛሬ? ተሸነፉ ልበል?»

ጋሽ ሽብሩ ጣራውን አዩ፣ ምንጣፉን አዩ። «ሰው ጆሮ እያለው በመፅሀፍ አይከራከርም» ብለው ተነሱ።

ሁለቱ ተከታትለው ማድቤት ገቡ። እትዬ ብርነሽ፣ የትርሲት እናት፣ ለኛው ምሳ ብለው አንድ ሳፋ ሽንኩርት እየከተፉ ድስት ላይ እየጨመሩ ነው። እኔና ወንጌላዊው ሳሎን ሆነን እንሰማለን።

«ይኸው፣ ቁል ቁል።»

«የቱ ጋ ነው? ጭስስ ነው የሚለው።»

«ጠጋ ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ።»

«ጢምህ ድስቱ ውስጥ ሊገባ ነው፣ ወንዳፈረው» አሉ እትዬ ብርነሽ።

ሲወጡ ሁለቱም ፊታቸው በእንባ ታጥቧል። ጋሽ ወንዳፈረው መነፅራቸውን አውልቀው በመሀረብ አይናቸውን ይጠርጋሉ። ወንጌላዊ ኤሊያስ ይህን ሲያዩ ብድግ አሉ። ሶስት እሁድ የጠበቁት ነገር የመጣ መስሏቸዋል።

«አይናችንን እንጨፍን። ጌታ ሆይ፣ የአባትን ልብ ስላራራህ...»

«ይቅርታ፣ እኔ እኮ...» አሉ ጋሽ ወንዳፈረው።

«አዎ ጌታ!» ወንጌላዊው ድምፃቸውን ጨመሩ። የሳቸውን ፀሎት ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። ትርሲትን ለሚክያስ ሰጡ፣ ቤታቸውን ባረኩ፣ ልጆች ወለዱላቸው፣ ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ አስገቡ፣ የምግብ ቤቱንም ሁለተኛ ቅርንጫፍ ዱራሜ ከፈቱ። ጋሽ ወንዳፈረው የማርያም ቤተክርስቲያን ልጅ ቢሆኑም ፀሎት መሃል ሰው አያቋርጡም። መጨረሻ ላይ ሁላችንም «አሜን» ስንል አብረው «አሜን» አሉ።

«ይሄ አሜን እንኳን...» ብለው ጋሽ ወንዳፈረው ሊጀምሩ ሲሉ እትዬ ብርነሽ ማማሰያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው እልል አሉ። ከአጥሩ ማዶ አንዷ ተቀበለች፣ ከላይኛው ግቢ ሌላዋ። ሰፈር እልል ካለ በኋላ «ቆይ ትንሽ እናስብበት» አይባልም።

ጎረቤት ሁሉ መጣ። ጋሽ ወንዳፈረው በሩ ላይ ቆመው እየጨበጡ ግማሽ ሰአት ሆናቸው፣ እንባቸው አሁንም ይወርዳል።

«አይዞዎት ጋሽዬ» አሏቸው ወይዘሮ ገነቴ ትከሻቸውን ይዘው፣ «ሴት ልጅ መስጠት ያስለቅሳል።»

ሽንኩርት ነው አላሉም። መሀረባቸውን አጠፉትና «አንድ ልጅ ናት እኮ» አሉ።