ሻለቃ ዛሬ ቁርሱን በልቷል

ሜቪስ የሳርዲን ቆርቆሮ ለሦስተኛ ጊዜ ስትከፍት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። ሻለቃ ከማቀዝቀዣው ጎን ጅራቱን እግሩ ላይ ጠምጥሞ፣ ሥራ የሚቆጣጠር አለቃ መስሎ ይመለከታታል።

"ይኸው የኔ ጌታ! ርቦህ ልትሞት ነው አይደል? እኔ ባልኖር ማን ያስብልሃል?" አለችና ሳህኑን አስቀመጠችለት።

ሻለቃ ብርቱካንማ ቀለም ያለው፣ ሆዱ ወለል የሚጠርግ ድመት ነው። እነዚህን ባልና ሚስት ለማሠልጠን አሥራ አንድ ዓመት ለፍቷል። ባልየው ሌን በሚኖሩባት በፖርት ፒሪ ከተማ፣ የእርሳስ ማዕድን ማቅለጫው ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከእሳት ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ግን ድመቱ እንዳይነቃበት እግሩን ሳያጥፍ ያድራል። የአልጋው መሐል የሻለቃ ነው፤ ሁለቱ ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ይተኛሉ። አንድ ጊዜ ለልደቱ ከከፋይ የተሰፋ አልጋ ገዝተውለት ነበር። እሱ አልጋው የመጣበትን ካርቶን መረጠ። ተማከሩና ካርቶኑን ሳሎን መሐል ተዉለት፤ እንግዳ ሲመጣ ዞሮ ያልፋል። ልበ ቀና ሰዎች ናቸው፤ ጉድለታቸው ነገር ቶሎ አይገባቸውም።

ከሁለቱ በቅርቡ የተሻሻለችው ሜቪስ ናት። ድሮ ቁርስ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይመስላት ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አንዳንድ ቀን አራቴ ታቀርባለች። ሻለቃ ልፋቱ በመጨረሻ ፍሬ በማፍራቱ እጅግ ረክቶ ነበር።

የዝንብ መከላከያ ወንፊት ያለው በር ተንጓጓና ሌን ከጓሮ ገባ። ወለሉ ላይ የተደረደሩትን ሳህኖች አየ።

"ሜቪስ፣ በልቷል እኮ! ጠዋት እኔው ራሴ አብልቼዋለሁ።"

"ውሸትህን ነው። እስቲ ፊቱን እየው። የተራበ ሰው ፊት ነው።"

"የሱ ፊት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው! ስኳር አለበት። ሐኪሟ ያለችውን ረሳሽው?"

"የቷ ሐኪም?"

ሌን ጎንበስ ብሎ ሳህኑን አነሳ። ሻለቃ እንደ ሌባ አየው።

ሰውየው ከሌብነቱ ሌላም ክፉ አመል አውጥቷል። ጠዋትና ማታ በመርፌ ይወጋዋል። ወግቶ ሲጨርስ ደግሞ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቅርታ" እያለ አንገቱን ያሻሽለታል። ይቅርታ የሚጠይቅበትን ነገር ለምን በየቀኑ እንደሚሠራ ለሻለቃ ሊገባው አልቻለም።

እኩለ ቀን ላይ ልጃቸው ሮንዳ ከአዴሌድ ከተማ ደወለች።

"አባዬ፣ ለእማዬ አረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ክፍል ተገኝቷል። እስከ ሐሙስ ብቻ ነው የሚያቆዩልን።"

"እኔስ?"

"ላንተ የለም። ራሱን ይችላል አሉ።"

"እንግዲያው እሷም ትቅር።"

"ባለፈው ሳምንት ምድጃውን ለኩሳ ወጥታ የለ እንዴ?"

"አጠፋሁታ!"

"አንተ በተኛህበት ሰዓት ቢሆንስ?"

"አይሆንም አልኩሽ" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ሙቀቱና ድካሙ ተባብረው ወዲያው እንቅልፍ ላይ ጣሉት።

ሻለቃም አንሶላ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። በእንቅልፍ ልቡ ሜቪስ ስትጠራው ሰማት። "ሻለቃ! ሻለቃዬ!" መጀመሪያ ከኮሪደሩ፣ ቀጥሎ ከግቢው፣ ከዚያ ከመንገዱ። አንድ ጆሮውን ብቻ አዞረ። ሲጠሩት መሮጥ የውሻ ሥራ ነው። ድምጿ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደና ጠፋ። እሱም ተገላብጦ ተኛ።

ፖሊሶች ያገኟት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባድ መኪና የሚመላለስበት አውራ ጎዳና ላይ ነው። ሙቀቱ አርባ አራት ዲግሪ ደርሷል። በሌሊት ልብሷ፣ በባዶ እግሯ ነበረች፤ አስፋልቱ ውስጥ እግሯን ልጦታል። ቤት ሲያመጧት ሌን ውሃ በሳፋ ይዞ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ሻለቃ በዚህ መሐል ከቁም ሣጥኑ ወጣ፤ ተንጠራራና ጭኗ ላይ ዘለለ።

"አገኘሁት!" አለች ሜቪስ ለፖሊሱ። "እኔ ባልፈልገው ኖሮ ይሄ ሰውዬ እንደሆነ አይፈልገውም ነበር።"

"ጎበዝ ነዎት፣ እማማ" አለ ፖሊሱ።

ሌን ቀና አላለም። ፖሊሱ ከወጣ በኋላ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን አነሳ።

"ሮንዳ፣ እሺ በያቸው" አለ።

ሐሙስ ቤቱ በጠዋቱ ታመሰ። ሮንዳ መጥታ መጦሪያው ውስጥ እንዳይጠፋባት በእናቷ ልብስ ሁሉ አንገት ላይ ስሟን ትጽፋለች። ሌን ሻንጣውን ይዘጋል፣ የረሳው ነገር ትዝ ይለዋል፣ መልሶ ይከፍታል። መርፌውንም ቁርሱንም ዘነጋ። ሻለቃ ሳህኑ አጠገብ ቆሞ ቢጮኽም የሰማው የለም። ሜቪስ እንኳ አልሰማችውም፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ፣ "ባሕር ነው አይደል የምንሄደው?" እያለች ትጠይቃለች። እንዲህ ያለ ንቀት በዕድሜው ደርሶበት አያውቅም። ይባስ ብለው ሳጥን ውስጥ ከተው መኪና ላይ ጫኑት። ሳጥን ደግሞ ሐኪም ቤት ማለት ነው።

"እንስሳ እዚህ መኖር አይችልም" አለች የመጦሪያው ነርስ፣ "ለመሰነባበቻ ግን ግማሽ ሰዓት እንፈቅዳለን።"

ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት ነው። ሌን ሻለቃን አውጥቶ አልጋው ላይ አስቀመጠው። ሻለቃ ነገሩን አጠና። ሽታው የሐኪም ቤት ነው፤ ሆኖም ወደ እሱ የዞረ የለም፣ የሚነካኩት ሜቪስን ነው። ዛሬ ተራው የሷ ነው ማለት ነው። እሱን ሁልጊዜ ይመልሱታል፤ እሷንም ይመልሷታል ብሎ ደመደመ።

ሜቪስ ግን አልቀመጥም አለች።

"እንሂድ፣ ሌን። ድመቱን ማን ያበላዋል?"

"ይኸው እዚህ ነው።"

"አልበላም እኮ! ቁርሱን አልሰጠሁትም!" የበሩን እጀታ ይዛ ታገለች። በሩ ቁጥር ካልተነካ አይከፈትም።

"እማዬ፣ በናትሽ" አለች ሮንዳ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሌን ወራቱን ሁሉ እውነቱን ሲነግራት እሷ አላምንህም ስትለው ኖራለች። አሁን እውነቱን የያዘችው እሷ ነበረች፤ እሱም ድመቱ አለመብላቱ ትዝ ያለው ገና ያን ጊዜ ነው። እጇን ከእጀታው ቀስ ብሎ አላቀቀ።

"አብልተሽዋል፣ ሜቭ። ጠዋት። ስታበዪው አይቼሻለሁ።"

"አብልቼዋለሁ?"

"ሳህኑን ጥርግ አድርጎ ነው የበላው።"

ሜቪስ ወደ አልጋው ዞረችና የድመቱን ፊት መረመረች።

ሻለቃ እንዲህ ያለ ቅጥፈት ሰምቶ አያውቅም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። ሊጮህ አፉን ከፈተ። ሜቪስ እጇን ዘርግታ ከጆሮው ኋላ አከከችው። "ጠግበሃል?" አለችው።

ሻለቃ አፉን መልሶ ገጠመ። ብርድ ልብሱ ላይ ጋደም አለና እንደጠገበ ድመት መዳፉን ይልስ ጀመር።

"እንግዲያውስ ደግ" አለች ሜቪስ። ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገቡ ቁጭ አለች።