የተመለሰው ፓውንድ

ይልማ በሞት አፋፍ ላይ ነው የሚለው ወሬ ሮማነወርቅ ወደምትኖርበት ሪችፊልድ፣ ሚኒሶታ የደረሰው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ካንሰሩ ጉበቱ ውስጥ ስለገባ ሐኪሞቹ ከሆስፒታል አስወጥተው ብሩክሊን ፓርክ ወዳለው የልጁ ቤት ላኩት፤ ሊሞቱ የተቃረቡትን የምታስታምም የሆስፒስ ነርስ በየሁለት ቀኑ ትጎበኘዋለች። የነፍስ አባቱ በራሳቸው አሳብ ለሮማነወርቅ ደውለው፣ ሳይሞት ይቅር እንድትለው ለመኗት። እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና፣ «መጀመሪያ ወርቁን ይመልስ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ሮማነወርቅ የይልማ ታናሽ ወንድም የፍቅሬ ሚስት ነበረች። ፍቅሬ በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ከሥራ ቦታው ተወስዶ ከፍተኛ በሚባለው የወረዳ አስተዳደር እስር ቤት ገባ። ከአብዮት ጠባቂዎቹ አንዱ፣ ወርቅ ካመጣች በጓሮ በር እንደሚያስወጣላት በሰው ላከባት። ቤተሰቡ የነበረው ወርቅ አንድ ብቻ ነው፤ የፍቅሬ አባት ለእንግሊዞች ባስተረጎሙበት ዘመን የተሰጣቸው የወርቅ ፓውንድ። በአንድ ፊቱ ንጉሣቸው፣ በሌላው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ይታያል። የሚያስቀምጠው ፒያሳ ወርቅ ሠሪ የነበረው ይልማ ነበርና፣ ስትጠይቀው ወዲያው አውጥቶ ሰጣት።

ሰኞ ዕለት ለጠባቂው አስረከበች። ማክሰኞ ጠዋት ጠባቂው ከበሩ ወጥቶ መዳፏ ላይ መልሶ አስቀመጠላት። የተቀባ መዳብ ነው፣ ሁለተኛ እንዳትመጪ አላት። ሐሙስ የወሰደችው ምሳ ሳይነካ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ የስንቅ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር።

ባሌን የገደለው ወንድሙ ነው ብላ ደመደመች። እውነተኛውን ደብቆ አስመስሎ የሠራውን ሰጥቶኛል አለች። ይልማ ዓይኗ እያየ ሊፈትንላት ቢለምናት አሻፈረኝ አለች። ሌላ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ውሰጂው ሲሏት፣ የፒያሳ ወርቅ ሠሪ ሁሉ ጓደኛው ነው አለች። ፓውንዱን በጨርቅ ቋጥራ ሱዳን ገባች፤ ሚኒሶታም ይዛው መጣች። ምስክሬ ነው ትለው ነበር።

ከዓመታት በኋላ ይልማም ልጆቹን ተከትሎ እዚያው ከተማ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድሱ አንድም ቀን ሰላም አልተባባሉም። ሰዉም የእሷን ቃል ይዞ ነበር የኖረው። ይልማን ዕቁብ የሚያስገባው ጠፋ፤ ልጁ ቤዛዊት ስትዳር ከተጠራው ሰው ግማሹ ቀረ።

የሮማነወርቅ ልጅ ፈነት አባቷ ሲወሰድ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። አሁን ሃምሳ ደርሳለች፤ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነርስ ናት። ቂም ይዘው የሚሞቱትንም ሆነ ቂም ተይዞባቸው የሚሞቱትን ብዙ አይታለች። የቄሱን መደወል ስትሰማ፣ ነገሩ አንዴ ይለይ ብላ ፓውንዱን እንድታስመረምር እናቷን ጠየቀች። ሮማነወርቅ ጥርጣሬ ስላልነበራት ሳታንገራግር ሰጠቻት።

ፈነት ከሥራ ኦፍ በሆነችበት ቀን ሌክ ስትሪት ላይ ያለ የድሮ ሳንቲም ነጋዴ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ፓውንዱን መዘነው፤ ስፋቱንና ውፍረቱን ለካ፤ የጠርዙን ጥርስ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አየ። ውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ ደግሞ መዘነው። በመጨረሻ ብረት የሚለይ መሣሪያ ውስጥ አስገባው። ሐሰተኛ የሚሠሩ ሰዎች ክብደቱን ሲያገኙ መጠኑን፣ መጠኑን ሲያገኙ ክብደቱን እንደሚስቱ እየነገራት ነበር። ይህ ግን ምንም አልሳተም። ሃያ ሁለት ካራት፣ ትክክለኛ ነው አላት።

እንደገና እንዲያየው ለመነችው። ሰውዬው ሳይሰለች ሁሉንም ደገመው። መልሱ ያው ነበር።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች። አጎቷ ንጹሕ መሆኑ ነበር መጀመሪያ የመጣላት። ሌላው አሳብ የመጣው ትንሽ ቆይቶ ነው፤ ሲመጣም ሞተሩን አስነሣች።

ቤት ስትደርስ ለእናቷ ሳታለሳልስ ነገረቻት። ሮማነወርቅ ፓውንዱን ተቀብላ ብዙ ጊዜ አገላበጠችው።

«እንግዲያው ጠባቂው ለምን መለሰው?» አለች።

ፈነት ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ወርቅ አምጪ ያለው ሰውዬ፣ ወርቅ አግኝቶ ለምን መለሰው?» አለች እንደገና። ከዚያ መልሱን ራሷ አገኘችው። «ሞቶ ነበር። ሰኞ እኔ ይዤ ስሄድ ፍቅሬ ሞቶ ነበር። ሰውዬው ፈርቶ ይሁን አዝኖ፣ የሞተ ሰው ዋጋ መውሰድ አቃተው።»

በማግስቱ ብሩክሊን ፓርክ ሄዱ። ቤዛዊት በሩን ከፍታ ለጥቂት ጊዜ መንገድ ሳትለቅ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ጎን ሆነች። ይልማ ሳሎን ውስጥ በተዘረጋ የሆስፒታል አልጋ ላይ ነበር፤ ፊቱ ቢጫ ሆኗል፣ ልቡናው ግን ሙሉ ነው። ሮማነወርቅ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ጋሼ ይልማ፣ ወርቁ እውነተኛ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። «እኔ ነኝ የመዘንኩት።»

ትንፋሹን ሰበሰበ። ወርቅ ጠይቆ ወርቅ የሚመልስ ሌባ እንደሌለ ማክሰኞ ዕለቱን ገብቶት እንደነበር ነገራት። በማግስቱ የፍቅሬን ሞት ሊያረዳት ቢመጣ በሩን አልከፈተችለትም። ከዚያ በኋላ ለማንም ቢናገር ራሱን ለማዳን ነው ይሉታል ብሎ ተወው።

ይቅር እንዲላት ለመነችው። እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቶ ደረቱ ላይ አደረገ።

«ሮማን፣ ይቅር ብዬሽ ብሞት ለነፍሴም ይበጃት ነበር። ይኸው ከመጣሽ ጀምሮ ልቤ ውስጥ እየፈለግሁት ነው። አጣሁት።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፈነት እናቷን ከመሬት አንሥታ በብብቷ ደግፋ ወጣች።

ይልማ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰው ዕዝኑን ሲቀምስ ሮማነወርቅ ተነሥታ ቆመች። ይልማ ሌባ እንዳልነበረ፣ ስሙን ያጠፋችው እሷ እንደሆነች፣ ወርቁ ተመርምሮ እውነተኛ መሆኑ እንደታወቀ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ቤዛዊት ካፖርትዋን አንሥታ ወጣች።

ሮማነወርቅ የባሏን ሙት ዓመት ስንቁ በተመለሰበት በኅዳር ዐሥራ አምስት ስታስብ ኖራ ነበር። በሚቀጥለው ኅዳር ለቄሱ፣ ፓውንዱን ወዳስረከብኩበት ሰኞ፣ ወደ ዐሥራ ሁለት ያዙሩልኝ አለቻቸው። ፈነት፣ ከሰኞም በፊት ሊሆን ይችላል አለቻት። «ይሆናል» አለች እናቷ፣ «እኔ ግን ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር አልችልም።» የይልማም ስም አብሮ እንዲጠራ ፈልጋ ነበር፤ ቄሱ ቤዛዊትን ቢያስፈቅዱ እምቢ አለች።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ፍቅሬ ብቻ ተጠራ።