የጋራ ግድግዳ

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ብርድ ሲገባ አንዱን እንዘጋዋለን። በሩ ሥር አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለን እንወትፋለን፣ የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ እንደፍናለን፤ ከዚያ እኔም፣ እናቴም፣ የልብስ ስፌት መኪናዋም፣ የማርማቸው የተማሪዎቼ ደብተሮችም በአንዱ ክፍል ተፋፍገን እንከርማለን። ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለችን። እሷንና የውሃ ማፍያውን አንድ ላይ ከሰካናቸው ቆጣሪው ይወድቃል። ስለዚህ ወይ ሻይ ነው፣ ወይ ሙቀት። ማታ ማታ የፈላ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን፣ ካልሲ አልብሰን፣ እግራችን ሥር እናስገባለን። ጠዋት ጠርሙሱን ከእግሬ ብሶ ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ።

እናቴን ከክረምት ክረምት ያሻገራት ግን ጠርሙሱ አይደለም፤ ግድግዳው ነው። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤታችን የዳቦ ምድጃ አለ። በእንጨት የሚነድ የጡብ ምድጃ ነው፤ ዓመት እስከ ዓመት አይጠፋም። እናቴ አልጋዋን በርዝመቱ ከዚያ ግድግዳ ጋር አስጠግታ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ትተኛለች። ቁርጥማት ከያዛት ስምንት ዓመቷ ነው። በዚያ ግድግዳ ሥር ያደረች እንደሆነ ግን ጠዋት ጣቶቿ ይታጠፋሉ። ጣቶቿ ከታጠፉ መርፌ ይይዛሉ፤ መርፌ ከያዙ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ከሰፋች ደግሞ የሰው እጅ አላይም ብላ ቀና ትላለች።

ይህን ግን አንድም ቀን አፍ አውጥታ ተናግራው አታውቅም። ግድግዳው ሞቅ ይላል አይደል ካልኳት፣ ቀን ፀሐይ ሲጠጣ ስለሚውል ነው ትለኛለች። ግድግዳው በሁለት ቤት መካከል ነው ያለው፤ ከተሠራ ጀምሮ ፀሐይ አይቶ አያውቅም።

ጋጋሪውን ሰፈርተኛው «ፊኖ» ይለዋል፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ጠፍቶ አያውቅምና። ከእናቴ ጋር እኩዮች ናቸው፤ ድሮ አንተ አንቺ ይባባሉ ነበር። የተጣሉት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ በሙቀት ወራት። ያን ጊዜ ክፍላችን ራሱ ምድጃ ሆኖ ነበር። የግድግዳው ቀለም ተላጠ፤ ከጣሪያው ጥግ ተነስቶ ወደ አልጋው የሚወርድ ስንጥቅም ወጣ። እናቴ ሄዳ ነገረችው። እሱ ደግሞ ሰው ተሰልፎ ባለበት፣ ሌላው ሙቀት እየለመነ ያድራል፣ አንቺ ሲተርፍሽ ታለቅሻለሽ፣ አልጋሽን አታዞሪም ወይ አላት። ሰልፈኛው ሳቀ። ነገሩን ያበላሸው ሳቁ ነው። እናቴ ቤት ገብታ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ አለችኝ።

ለሕንፃ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት የገባውን አቤቱታ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮሌጅ በጨረስኩ በዓመቱ ስለነበር የተማርኩትን ሁሉ የማፈስበት ቦታ አጥቼ ነበር። ስንጥቁ ጥፍር ቢያስገባ ነው፤ እኔ «ጣት የሚያስገባ» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉም «ለሰው መኖሪያነት ፈጽሞ የማይበቃ» ሆነ። እናቴ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና፣ ጎሽ፣ ለዚህ ነው ያስተማርኩህ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጋጋሪውን መንገድ ላይ ካገኘችው «እንደምን አደሩ» ነው የምትለው። እሱም «ደህና፣ እርስዎስ» ይላታል። ለሚያይ ሰው እንዴት ያለ መከባበር ነው ያሰኛል። እኛ ግን ዳቦ ከላይኛው ሰፈር መግዛት ጀመርን።

የአቤቱታው መልስ በሁለት ዓመቱ መጣ፤ ያውም ጣሪያው ውርጭ ለብሶ በሚያነጋበት ሳምንት። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሕንፃ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤቱ መልእክተኛ መጥቶ አስፈርሞን ሄደ። ለእናቴ አነበብኩላት። የአመልካች አቤቱታ ተመርምሮ ተገቢ ሆኖ ስለተገኘ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ምድጃውን በሃያ ቀን ውስጥ ከጋራ ግድግዳው አንስቶ ወደ ግቢው ማዶ ጫፍ እንዲያዛውር ታዟል ይላል።

«እሰይ» አለች እናቴ። ክሩን በምላሷ አርጥባ ወደ መርፌው ቀዳዳ ላከችው፤ ሳተች። ደግማ ላከችው፤ አሁንም ሳተች። «ለካ የሚሰማ መንግሥት አለ» አለችና መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው።

ፊኖ ምድጃውን የሚያዛውርለት ግንበኛ ጠራ። ግንበኛው ምድጃው ካልበረደ ውስጡን ማየት አልችልም ስላለ እሳቱ ጠፋ። እንዲህ ያለ ምድጃ በአንድ ቀን አይበርድም። በመጀመሪያው ቀን ግድግዳው ያው ነበር። በሁለተኛው ቀን እንደ ሰው ገላ ለብ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ አገኘኋት። ወደ እኔ ሳታይ ሹራቤን ቆልፍልኝ አለችኝ። ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፍኩላት። ሰባት ናቸው። በልጅነቴ የእኔን ስትቆልፍልኝ እንደምታደርገው፣ እሷም አገጯን ቀና አድርጋ ጠበቀችኝ።

የዚያን ሳምንት ስፌት መኪናዋ አልተነካም። ሁለት እናቶች የልጆቻቸውን ዩኒፎርም ሊጠይቁ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ማሞቂያዋን እግሯ ሥር አደረግኩላት፤ ጉልበቷን አሞቀች፣ ጣቶቿን ግን አልፈታችም። አቤቱታውን እናንሳ አልኳት።

«ሰው የተፋውን ምራቅ መልሶ ይልሳል?» አለችኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ጣታቸው በተቆረጠ ጓንቶች መዝገብ ያገላብጣል፤ ጠረጴዛው ሥር ለእሱ እግር ብቻ የምትበቃ ማሞቂያ አለችው። አቤቱታውን አውጥቶ አነበበውና፣ ጥሩ ተጽፏል፣ ጠበቃ ነው የጻፈው አለኝ። ውሳኔው የሚነሳ ከሆነ ሁለቱ ጎረቤታሞች ራሳቸው ቀርበው፣ ታርቀናል ብለው መፈረም አለባቸው፤ ልጅ መላክ አይቻልም አለ።

ከዚያ ወደ ፊኖ ሄድኩ። ዳቦ ቤቱ ያለ እሳት እንደዚያ ይቀዘቅዛል ብዬ አስቤ አላውቅም። የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ የምድጃው አፍ ክፍት ነው፣ ውስጡ ጥቁር። ግንበኛው፣ ጡቡ ሲነቀል ግማሹ ይፈርሳል ብሎት እንደሄደ ነገረኝ። የመጣሁበትን ስነግረው እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«ልጄ፣ ይህን ጡብ የደረደርኩት በሠላሳ ዓመቴ ነው» አለ። «አሁን እሱን ነቅዬ የምተክልበት ወገብ የለኝም። ግን እኔ ወደ እሷ አልሄድም። በላዬ አልፋ ለመንግሥት ነገረች፤ አሁን ከመንግሥት ወርዳ ለእኔ ትንገረኝ። ይቅርታ ትጠይቀኝ አላልኩም። ግድግዳው ይሞቀኛል ትበል፤ በቃኝ።»

ያን ቀን ሰው ስቆባታል እኮ አልኩት። የሳቁት ሌሎች ናቸው፣ እኔ አልሳቅሁም አለ።

«ያሳቋቸው ግን እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አልኩት።

የሻይ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። እሱስ ልክ ነህ አለ። የተባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለእናቴ አደረስኩ፤ አንድ ጊዜ ጨምሬ የመጣውን አይቻለሁና። ሰምታ ስታበቃ ፊቷን ወደ ቀዝቃዛው ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ፊኖ ቀነ ገደቡ እስኪደርስ ሥራ ላለመፍታት ምድጃውን እንደገና አነደደ። ሐሙስ ጠዋት እናቴ ከሹራቧ ላይ ካፖርቷን ደርባ ዳቦ ልገዛ ነው አለች። ውርጩ ሳይለቅ ላይኛው ሰፈር ድረስ አትሄጂም፣ እኔ እሄዳለሁ ብላት «እዚሁ ነው» አለችኝ። ከኋላዋ ተከትዬ ወጣሁ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ከፊት ያሉ ሴቶች እማማ ይለፉ ቢሏት እምቢ አለች። እንደማንኛውም ሰው ተራዋን ይዛ፣ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከታ፣ አንድ አንድ እርምጃ እየተራመደች ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመች። ፊኖ ከሩቅ አይቷታል፤ ያየ አልመሰለም።

ተራዋ ደረሰ።

«ስንት ልስጥዎት?»

«አራት። ከሞቀው ይሁንልኝ።»

«ሁሉም የሞቀ ነው» አለ፤ አራቱን በወረቀት ጠቅልሎ ዘረጋላት። አልተቀበለችውም። ከኋላችን አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ግድግዳውም ሞቆ ነበር» አለች። «ስምንት ዓመት ሙሉ ጀርባዬን ያሞቀኝ ያንተ ምድጃ ነው። ይኸው፣ በሰው ፊት አልኩህ። ሰልፈኛውም ይሳቅ።»

የሳቀ የለም። ፊኖ የተዘረጋ እጁን ረስቶት ቆመ። ቅንድቡ ላይ ካለው ዱቄት ትንሽ አይኑ ውስጥ ገብቶ መሰለኝ፣ በክንዱ ጠራረገው።

«ያን ቀን አፌ አዳልጦኝ ነው» አለ። «ያዢ እንጂ፤ ዳቦው ይበርድብሻል።»

በዚያው ቀን ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ሁለቱ ሊፈርሙ መስማማታቸውን ነገርኩ፤ ዓርብ ዕለት የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ግድግዳውን ሊያይ መጣ። መዝገቡ እንደገና ከተከፈተ ማየት ደንብ ነው አለን። ከወንበር ላይ ወጥቶ የስንጥቁን ጫፍ በባትሪ አበራበት፤ ከዚያ ጣቱን ላከ። ጣቱ ገባ። በሁለት ዓመት ውስጥ ውሸቴ እውነት ሆኖ ኖሯል። እናቴ ወደ እኔ አላየችም፤ እኔም ወደ እሷ አላየሁም።

ሰኞ ሦስታችንም ጽሕፈት ቤቱ ቀረብን። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፈረሙ፤ እናቴ እስክሪብቶውን በሁለት እጇ ይዛ ነው የፈረመችው። ኃላፊው ፊርማውን ተቀበለ፣ ውሳኔውን ግን አላነሳም። መታረቃችሁ ደስ ይላል፣ ግድግዳው ግን አልታረቀም አለ። ወደ እናቴ ዞሮ፣ ምድጃው እዚያው ከቆየ አንድ ቀን ጡቡ ተኝተው ባሉበት ይወርድብዎታል አላት። እኔ የምችለው ብርዱ እስኪያልፍ ሦስት ወር መጨመር ነው፤ እሱም አልጋው ከግድግዳው አንድ ክንድ ከራቀ ነው አለ።

«በማን ክንድ?» አለች እናቴ።

ኃላፊው እጆቿን አየ። «በርስዎ ይሁን» አለና ጻፈው።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ስንወርድ አላስተዋልነውም ነበር። ግማሹ ላይ ስንደርስ ሁለቱም ሳይነጋገሩ በአንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ንፋሱ የመንገዱን አቧራ እየጠረገ ያልፋል። እናቴ የካፖርቷን ኮሌታ ከፍ አደረገች። ፊኖ፣ ስለ ስንጥቁ ያን ጊዜውኑ ሰምቼሽ ቢሆን ኖሮ በጊዜ ይደፈን ነበር አለ፤ እሷም፣ አንተ ብትሰማኝ ኖሮ እኔም ለመንግሥት አልነግርም ነበር አለች።

«የመጪውን ክረምት እንዴት ልታደርጊ ነው?» አላት።

«እኔ እንጃ።»

ምድጃው ማዶ ሲሄድ አጠገቡ ጥግ ይተርፋል፣ የስፌት መኪናሽን ልጁ ያመጣልሽና ቀን ቀን እዚያ ትሰፊያለሽ አላት። አሰበችበት። ቶሎ እምቢ ለማለት እንዳልፈለገች ያስታውቅ ነበር።

«ዱቄት የቦነነበትን ዩኒፎርም ማን ይለብስልኛል?» አለች።

«እውነትሽን ነው» አለ ፊኖ፤ እግሮቹን ዘርግቶ ጫማዎቹን ተመለከተ።

ከላይ የሚወርድ አንድ ጋሪ አለፈን፤ ሁለቱም ከዓይን እስኪሰወር ተከትለው አዩት። ከዚያ እናቴ ደረጃውን ተደግፋ ቀስ ብላ ቆመች።

«ተነስ እንግዲህ፤ ሊጥህ ይኮመጥጥብሃል» አለችው።

በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ። እኔ ወረቀቶቹን ይዤ ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ።