ካውያ ሸማች ነው ወይ?

የሰፈሩ ሰው ካውያ ይለዋል። ልብስ ስለሚያጥብና ስለሚተኩስ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ስለሚግልም ነው። ላውንደሪውን ያቋቋመው ከሚስቱ ጋር ነው፤ ምድር ቤቱ ማጠቢያ፣ ፎቁ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት ቤት።

የማጠቢያውን ውሃ የሚያፈላው ቦይለር የፈነዳ ዕለት ሰው አልተጎዳም። እሳቱ ግን መስቀያው ላይ የነበረውን ልብስ ሁሉ በላው፤ ከነዚያ መሃል በማግስቱ ሊለበስ የነበረ የሙሽራ ቀሚስ ነበር። ሙሽራዋ በተውሶ ቀሚስ ተዳረች። እናቷ ካውያን ከሰሰችው፤ የሸማቾችን ጉዳይ የሚያዩት ዳኞችም ካሳ ይገባታል ብለው ፈረዱላት። ካውያ ብዙም አልተከራከረም። ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ ነበር።

የኢንሹራንስ ድርጅቱ ግን አልከፍልም አለ። ውሉ ጀርባ ላይ፣ ዓይን በሚያጠፋ ደቃቅ ፊደል፣ ቦይለሩ በየጊዜው በባለሙያ ካልተፈተሸ ካሳ የለም ይላል። ይህን ለካውያ የነገረው ሰው አልነበረም።

ጠበቃ የሆነው የሚስቱ ወንድም ሕጉን አገላብጦ አነበበለት። “ሸማች ከሆንክ ያልነገሩህ ግዴታ አያስርህም። ነጋዴ ነህ ካሉህ ግን አለቀልህ።”

ካውያ ድርጅቱን ከሰሰ። የክርክሩ ቀን የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ሚስቱ እጅጌውን ያዘችው።

“ለቤቴ ነው የገዛሁት በል። እዚያው አይደል እንዴ የምንኖረው? ውሸት እንኳ አይባልም።”

“ውሉ ላይ የተጻፈው ላውንደሪ ነው።”

“የጻፉት እነሱ ናቸው። ልጆቹን ይዘን ጎዳና ልንወጣ ነው፣ አንተ ስለ ወረቀት ታወራለህ!”

ወንድሟ ቀልድ የሞከረው ይሄኔ ነበር። “የነሱ ጠበቃ እሳት የላሰ ነው አሉ። ምነው ያን ዕለት መጥቶ የኛን በላሰልን።” ማንም አልሳቀም።

ችሎቱ ጠባብና ሞቃት ነበር። ከኋላ ወንበር የሙሽራዋ እናት እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ካሳዋ የሚወጣው ከዚሁ ገንዘብ ስለሆነ አንዲት ቃል እንድታመልጣት አልፈለገችም።

የኢንሹራንሱ ጠበቃ ቀስ ብሎ ተነሣ። “ኢንሹራንሱን የገዙት ለምንድን ነው?”

ካውያ ወደ ሚስቱ አየ። ከንፈሯ ያለ ድምፅ “ለቤቴ” አለ።

“ለላውንደሪው” አለ።

ሚስቱ አንገቷን ደፋች።

“ለንግድ ማለት ነው። ሲገዙ የእጥበት ዋጋ አልጨመሩም?”

ካውያ ዳግም ወደ ሚስቱ አላየም።

“ጨምሬያለሁ።”

“እንግዲህ ክቡራን ዳኞች፣ ሸማች ለራሱ ፍጆታ የሚገዛ ነው። እሳቸው ግን ገዝተው ለደንበኛ አስተላልፈዋል። ልክ እንደ ሳሙናው።”

የሚስቱ ወንድም ብድግ አለ። “ሳሙናውስ የደንበኛ ልብስ ላይ ያልቃል። ኢንሹራንሱን ለማን ሸጠው?”

“ለኔ አልሸጠም!” የሚል ድምፅ ከኋላ ጮኸ። የሙሽራዋ እናት ቆማለች። “እኔ የከፈልኩት ቀሚስ እንዲያጥብልኝ ነው! ኢንሹራንስ ሸጦልኝ ቢሆን ይሄን ሰውዬ ትቼ እናንተን ነበር የምከስሰው!”

“እናቴ፣ ይቀመጡ፤ አለበለዚያ አስወጣዎታለሁ” አለች ሰብሳቢዋ ዳኛ።

“እቀመጣለሁ። ግን አልገዛሁም።”

ዳኞቹ ሊመክሩ ገቡ። ኮሪደር ላይ ሚስቱ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች፣ “አንዲት ቃል አቃተችህ?” አለችው።

“በውሸት ቢይዙኝ እውነቱንም አያምኑኝም።”

“እውነት የልጆች ትምህርት ቤት አይከፍልም።”

እሷ የተሳሳተች አልመሰለውም፤ ያስጨነቀውም ይኸው ነበር።

ሲመለሱ ሰብሳቢዋ ከወረቀት ላይ አነበበች። “ይህ ሰው የሚነግደው በእጥበት ነው እንጂ በኢንሹራንስ አይደለም። መልሶ አልሸጠውም፣ ሌላ ዕቃም አልሠራበትም። ውሉንም ድርጅቱ ጽፎ እሱ ፈረመ። በዚህ ግዢ የመጨረሻው ተጠቃሚ እሱ ስለሆነ፣ በሁለት ድምፅ ለአንድ፣ ሸማች ነው ብለናል።”

ያልተስማማው ዳኛ ሐሳቡን ራሱ አሰማ። “ሰው ሲያተርፍ ነጋዴ፣ ሲከስር ሸማች ሊሆን አይገባም።” ካውያ ይህን ሲሰማ ጆሮው ጋለ። የሰውየውን ነገር ፍጹም ስህተት ነው ለማለት አልደፈረም።

ድርጅቱ ይግባኝ ብሎ ነበር፤ አልተሳካለትም። ደቃቁ ፊደል ካውያን አላሰረውም ተባለና ከፈሉ። ከገንዘቡ መጀመሪያ የተሰጣት የሙሽራዋ እናት ናት። አላመሰገነችም፤ የካውያ ሚስትም አልጠበቀችም።

አዲሱ ቦይለር የተለኮሰ ዕለት ሚስቱ መንገዱን ተሻግራ ቆመች። ካውያ በር ላይ ወጥቶ ጠራት።

“ነይ ግቢ እንጂ! ባለሙያው ፈትሾታል።”

“አንተ ግባ” አለች ካለችበት ሳትነቃነቅ። “ከፈነዳ የሚከራከርልህ ሰው ውጭ ይቅር።”