ሁለት ሰው የሚስበው አንሶላ

ጉንቮር በስዊድን አገር የኖርሾፒንግ ከተማን የሠራተኛ ሰፈሮች ኑሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትጽፍ የኖረች የታሪክ ሰው ናት። ስሟን ያስጠራው መጽሐፍ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አድማ በኋላ አድማ የመቱትና አድማውን ሰብረው ሥራ የገቡት ቤተሰቦች በአንድ ግቢ እየኖሩ ሃያ ዓመት ተቆራርጠዋል ይላል። ዛሬ ከሰዓት ከዩኒቨርሲቲው በጡረታ ስትሰናበት የምትናገረውም ይህንኑ ነበር።

ጠዋት ያንን ግቢ የሚጠብቀው ሩኔ ደወለላት።

"ምድር ቤቱን ልናጸዳ ነው። ነዋሪው በጋራው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተራ የሚይዝበት አሮጌ ደብተር አለ፤ ልጣለው?"

"እንዳትነካው!" ብላ ጮኸች። የካፖርቷን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቃ ወጣች።

ደብተሩን እዚያው ቆማ ገለጠችው። ወይ ጉድ! በየወሩ የመጀመሪያው ማክሰኞ ላይ፣ በአንድ ተራ ጎን ለጎን፣ ስቬያና ኤሊን የሚል ተጽፏል። የስቬያ ባል አድማ መቺ፣ የኤሊን ባል አድማ ሰባሪ! መጽሐፏ ገደል ገባ፤ እሷ ግን ሳቋ አልቆም አላት።

"ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?" አለ ሩኔ።

"ሠላሳ ዓመት ተሳስቻለሁ! እንኳን ደስ ያለሽ በለኝ እንጂ!"

ኤሊን ከሞተች ቆይታለች። ስቬያ ግን በዘጠና ዓመታቸው ሦስተኛ ፎቅ አሉ። ጉንቮር ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

"እትዬ ስቬያ፣ ጉድ ሠሩኝ! ለመጽሐፌ ስጠይቅዎ ከኤሊን ጋር ተነጋግረን አናውቅም አላሉኝም?"

አሮጊቷ ደብተሩን አዩና ከት ብለው ሳቁ።

"አንቺ ሞኝ! ትነጋገሩ ነበር ወይ አልሽኝ፤ አንነጋገርም ነበር። ባሎቻችን አስምለውናል። ከማን ጋር ታጥቢያለሽ ብለሽ መች ጠየቅሽኝ? እርጥብ አንሶላ እንዳይጨማደድ ተወጥሮ ነው የሚታጠፈው፤ ለብቻ ይሳባል እንዴ? እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ፤ ትንፍሽ ሳንል።"

"ሃያ ዓመት ሙሉ?"

"ሃያ ዓመት።" ሳቃቸው ቆመ። "ልጄ የሞተ ጊዜ ተራዬ ደርሶ አልወረድኩም። በሬን ስከፍት ከዋዜማው ምድር ቤት የዘፈዘፍኳቸው አንሶላዎቼ ታጥበው፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ ታጥፈው ደፉ ላይ ተቀምጠዋል። ብቻዋን እንዴት እንዳጠፈቻቸው እኔ አላውቅም። ማመስገን ነበረብኝ፤ አላመሰገንኳትም። አንነጋገርማ!"

ጉንቮር ዓይኗን ጠረገች። "በሉ ካፖርትዎን ይልበሱ። አንድ አንሶላም ያውሱኝ።"

ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጉንቮር የተጻፈውን ንግግሯን ወንበር ላይ ጣለችው።

"መጽሐፌ ተሳስቷል" አለች ፊቷ እየበራ። "አፋቸውን ስሰማ እጃቸውን ሳላይ ቀረሁ።" ደብተሩን ከፍ አድርጋ ስለ ስቬያና ስለ ኤሊን፣ ደፍ ላይ ስለተገኙትም አንሶላዎች ነገረቻቸው።

አንሶላውን ዘረጋችና አንዱን ጫፍ ፊት ለተቀመጡት ለስቬያ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ብድግ አሉ።

"ጠበቅ አድርገሽ ሳቢ! የፕሮፌሰር እጅ ለዚህም አይሆንም?"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሳቡ፣ አጠፉ፤ ጠርዝ ከጠርዝ ገጠመ። ስቬያ የታጠፈውን አንሶላ ደረታቸው ላይ አቀፉት።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ።

ለጉንቮር እንዳልሆነ ሁሉም ገባው።