አራተኛዋ ካንዴላ

እስቲ እዚህ ድንጋዩ ላይ አረፍ በሉ፤ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በታች ካለው ሰፈራችን ደሳለ የተቀበረ በማግስቱ ነው። እኛ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይዘን ተቀምጠናል። የደሳለ ልጅ ሰብሌ ብድግ ብላ ወጣችና ጓሮ የቆመውን የአባቷን አሮጌ ፒክአፕ ኮፋኖ ከፈተች። አጎቷ ጋሻዬ ተከትሏት ወጣ።

"ልጄ፣ ምን ልትሆኚ ነው? ሰው እያየሽ ነው።"

"ካንዴላ ልቀይር ነው፣ አያ ጋሻዬ።"

በእኛ አገር ሐዘንተኛ እስከ ሥልስት ድረስ ሥራ አይነካም፤ ውሃውን እንኳ ጎረቤት ነው የሚቀዳለት። ግን የደሳለ እናት እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ከኩልመስክ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ርቀው ነው የሚኖሩ። የልጃቸውን መሞት ገና አልሰሙም። ለእናት እንዲህ ያለ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ሄዶ በማለዳ ነው የሚነግር። በእግር ሁለት ቀን ነው፣ ሚኒባስም እዚያ ድረስ አይገባም። ሥልስቱ ደግሞ ነገ ነው። ያን ዕለት ከእኛ ጋር ካላለቀሱት፣ ልጃቸውን ብቻቸውን ሊያለቅሱት ነው። ያን ዳገት የሚወጣ ያ ፒክአፕ ብቻ ነበር፤ እሱም ከአራቱ ካንዴላ አንዷ እሳት አልለኩስ ብላ ቆሟል።

አራተኛዋ ከሞተሩ ኋላ፣ ከብረቱ ግድግዳ ሥር ተሸሽጋ ነው ያለች። ጋሻዬ ጠዋት ሞክሮ የጣቱን ቆዳ ልጦ ተመለሰ።

ድንኳን ውስጥ ሹክሹክታው ተጀመረ። የአባቷ አፈር ሳይደርቅ ዘይት ልትነካ፣ መማር ይህ ከሆነ ይቅር፣ አለች አንዷ። ሌላዋ፣ አንቺ ባልሽ የሞተ ጊዜ በሁለተኛው ቀን የጠፋ በግሽን ፈልገሽ ገደሉን ስታስሺ አልዋልሽም ወይ፣ ብላ ዝም አሰኘቻት። የደሳለ ሚስት፣ ይማርሽ፣ ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቷል፤ ግን ነገሩን የጨረሰችው እሷው ናት።

"ተዋት ጋሻዬ። ያስተማራት እሱ ነው።"

ደሳለ ቃል የማይበዛው ሰው ነበር። ፍላቂት ገበያ ገብስ አድርሶ ሲመለስ ሦስት ቃል ነው የሚናገር፣ እሱንም ለበሬ ነው፣ እያልን እንስቅበት ነበር። ኮፋኖ ሥር ከሰብሌ ጋር ሲገባ ግን አፉ ይፈታል። መጀመሪያ ትቢያውን እፍ በይ፣ ወደ ሞተሩ ሆድ እንዳይገባ፤ አዲሷን የላስቲክ ቱቦ ጫፍ ላይ ሰክተሽ በጣትሽ አዙሪያት፤ እምቢ ካለችሽ አታስገድጃት፣ አውጥተሽ እንደገና ጀምሪ፣ ይላታል። ካንዴላው ተቀይሮ ሲያልቅ ካለፈው ጊዜ ወዲህ ያለውን የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ነግሯታል።

ወልድያ አስተማሪ ሆና ከሄደች ወዲያ ካንዴላ በቀየረ ቁጥር ይደውልላታል። ሦስቱን ቀየርሁ፣ አራተኛዋ እጄን አላስገባ አለች፣ ይላል። እሷም ትመጣለች። በመጨረሻ የደወለላት ጊዜ ግን የተማሪ ፈተና እያረመች ነበር፤ ቅዳሜ እመጣለሁ አለችው። እሺ፣ ሞተሩም እስከዚያ ይቀዝቅዝ፣ አላት። ቅዳሜው ሳይደርስ፣ ማክሰኞ ልቡ ቀጥ አለ።

እንግዲህ ትቢያውን እፍ አለች። ቀጭን ክንዷን እስከ ብብቷ አስገብታ መፍቻውን ገጠመች፤ ጥርሷን ነክሳ ልትታገል ስትዘጋጅ ካንዴላዋ በአንድ ጣት ዞረች። ላልታ ነበር። ደሳለ ፈትቶ፣ መልሶ በእጁ ብቻ አስገብቶ ትቷት ኖሯል።

ሰብሌ ክንዷን ከሞተሩ ሳታወጣ ወደ አጎቷ ዞረች።

"እጁ ይገባ ነበር?" አለች።

ጋሻዬ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። "ሁልጊዜም ይገባ ነበር። ክንዱን አስልጦ፣ እየደማ አላልቶ ይመልሳታል። ከዚያ ነው የሚደውልልሽ።"

እንባዋን በክርኗ ጠርጋ አዲሷን ሰካች። አንዴ እምቢ አለቻት፤ አላስገደደቻትም፣ አውጥታ እንደገና ጀመረች። ሞተሩ ሲነሣ ድንኳኑ በልቅሶ ተናጋ። እኔ ራሴ፣ ሬሳውን በትከሻዬ የተሸከምሁት ሰውዬ፣ ደሳለ ገባ ብዬ ብድግ አልሁ።

ዶሮ ሲጮህ ተነሣን። ሰብሌ ትነዳለች፣ ጋሻዬ ከጎኗ፣ እኔና መርዶውን የሚነግሩት መምሬ ውባንተ ከኋላ። ጎህ ሲቀድ ከመጨረሻው ጋራ አናት ደረስን፤ የእማሆይ ቤት ከታች ይታያል። ሰብሌ መኪናውን አቆመች፣ ቁልፉን አዞረች፣ ሁሉም ጭር አለ።

"ምነው፣ ጠፋ?" አለ ጋሻዬ።

"አልጠፋም፣ አጠፋሁት። ትናንት ያ ሁሉ ቀባሪ ድምፁን ሲሰማ ተነሣ። እማሆይ ግን የሰሙት ነገር የለም። ልጄ መጣ ብለው እየሳቁ ነው ከበር የሚወጡ።"

 ከዚያ ወዲያ በእግር አንድ ሰዓት ነበር፤ ከመኪናው ወረድን። ሰብሌ ከሁላችን ኋላ ቀርታ ስትወርድ የመኪናውን በር አልወረወረችውም። ሁለት መዳፏን አሳርፋ፣ የተኛ ሰው አጠገብ እንደሚዘጋ፣ ድምፅ ሳታሰማ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

ልጆቼ፣ እናንተም አንድ ቀን መርዶ ይዛችሁ ወደ ሰው ደጅ ትሄዱ ይሆናል። ያን ዕለት ያቺን በር አስቡልኝ።