ቀብር አይደለም፣ ቀረጻ ነው

አጎቴ ኤሊሴዮ በሰባ አራት ዓመታቸው አሥር የቆዩ ዘፈኖቻቸውን እንደ አዲስ ለመቅረጽ ተስማሙ። አንድ የማኒላ የሙዚቃ አሳታሚ የጠየቃቸው አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ስቱዲዮ ግን እምቢ አሉ። «የተጻፉት ሳሎኔ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቤት ያፍራሉ» አሉ። እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ፤ ኢሎኢሎ ከተማ ሬዲዮ ጣቢያ በድምፅ ባለሙያነት እሠራለሁ። ማይክሮፎኔን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ መንደራችን በጀልባ ተሻገርኩ።

ዘጠኙን በአራት ቀን ጨረስን። የቀረው «ጀልባው አልሞላም» ነበር።

ይህን ዘፈን አጎቴ የጻፉት ለሚስታቸው ለቲባ ነው። አክስቴ ቲባ በወጣትነታቸው ከባሕሩ ማዶ ያስተምሩ ነበር። ሰኞ ሰኞ ጀልባው ሰው እስኪሞላ ሁለቱ ወደቡ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ዘፈኑም «አትቸኩዪ፣ ጀልባው ገና አልሞላም» ይላል፤ ከዚያ የበለጠ ብዙ ነገር የለውም። የያኔው አሳታሚ ግን መለከትና ከበሮ ጨመረበት። ከዚያ የመንደራችን የመለከት ጓድ አስከሬን ሲሸኝ ይጫወተው ጀመር፤ ግጥሙ ለሟች የተጻፈ ይመስል ልክ ሆኖ ተገኘ። አርባ ዓመት ሙሉ እኛ መንደር ያለዚህ ዘፈን የተቀበረ ሰው የለም። አክስቴም አርባ ዓመት ሙሉ ዘፈኑ ሲጀመር ከክፍሉ ይወጣሉ። አይቆጡም፣ አያኮርፉም፤ ዝም ብለው ተነሥተው ድስት ያጥባሉ።

«እስከ መጨረሻው ካልተቀመጠች አልቀርጸውም» አሉ አጎቴ።

አክስቴ ሁለት ቀን አሰቡበት። «አንድ ጊዜ እሞክራለሁ። ቀብር ቀብር ከሸተተኝ ግን እነሣለሁ።»

ከሰዓት በኋላ፣ ዓሣ አጥማጆቹ የሚተኙበትን፣ አውራ ዶሮዎቹም የሚሰለቹበትን ሰዓት መረጥን። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም። አክስቴ ወንበራቸው ጫፍ ላይ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጡ። አጎቴ ለአንድ ሰው ጆሮ የሚሆን ያህል በቀጭኑ ጀመሩ። ድምፃቸው ተሰንጥቋል፤ መሰንጠቁም ያምር ነበር።

የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ተሰማ። ጎረቤታችን ናንግ ፓሲንግ ነበሩ፤ እኛ ዘንድ በዕድሜ የገፋችን ሴት «ናንግ»፣ ወንዱን «ኖንግ» ብለን እናከብራለን። ኖንግ ኤሊሴዮ ያንን ዘፈን ብቻቸውን፣ ያለ መለከት፣ በተሰበረ ድምፅ ከዘፈኑ፣ የሞተው ማን እንደሆነ ለናንግ ፓሲንግ ግልጽ ነው። እየሮጡ ገብተው አክስቴ አንገት ላይ ተጠመጠሙ።

«ምስኪን ቲባ! ትናንት እኮ ፓፓያ ሰጥታኝ ነበር!»

«ፓሲንግ፣ እኔ ነኝ ቲባ።»

«አውቃለሁ! ለዚህ አይደል የማለቅሰው!»

አጎቴ ጊታራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። «ፓሲንግ፣ የሞተ ሰው የለም። ዘፈን እየቀረጽን ነው።»

«ይህን ዘፈን? በደህና ቀን? ኖንግ፣ ሐዘን አእምሮ ያናጋል፤ ውኃ ይጠጡ።»

ማይክሮፎኑን አጥፍቼ ላስረዳ ብነሣም የሚሰማኝ አልነበረም። በሃያ ደቂቃ ውስጥ የመንደሩ ሹም ዶዶንግ በጭነት መኪና ደረሰ። ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተከለ፣ ወንበሮች ወረዱ፣ አንድ ትልቅ ድስት የዝንጅብል ሻይ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይፈላ ጀመር። ከበሩ አጠገብ፣ በመንደራችን ለቅሶ ቤት እንደተለመደው፣ ካርታ የሚጫወቱ አራት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ ማንም ሲገቡ አላያቸውም።

«ዶዶንግ፣ አየኸኝ?» አሉት አክስቴ።

«አየሁዎት፣ ናንግ። በጣም አምሮብዎታል።»

«እንግዲያው ወንበርህን መልስ።»

«ለለቅሶ የወረደ ወንበር ወዲያው አይመለስም።»

«የት ያለ ሕግ ነው?»

«ሕግ አይደለም፤ መኪናው ሄዷል።»

አጎቴ ሌላ ዘዴ መጣላቸው። በለቅሶ ላይ የቤቱ ባለቤት እንግዳ አይሸኝም፤ የተሸኘን ሰው ሞት ተከትሎት ቤቱ ይገባል ይባላል። ስለዚህ እንግዶቹን አንድ በአንድ እስከ አጥሩ በር ሊሸኙ ተነሡ፤ ከሸኙ ለቅሶ አይደለም ማለት ነው።

«ኑ፣ ልሸኛችሁ» አሉ በትሕትና።

ሰዉ ተተራመሰ። «ኧረ ኖንግ፣ እንዳይነኩኝ! ልጆች አሉኝ!» አንዱ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ናንግ ፓሲንግ ምሰሶ አቀፉ። አጎቴ እጃቸውን ዘርግተው በቀረቡ ቁጥር ሰዎቹ ከበሩ እየሸሹ ሳሎኑን ሞሉት፤ መጨረሻ ላይ ግቢው ባዶ፣ ሳሎኑ ደግሞ መተንፈሻ የሌለው ሆነ።

ይህን ጊዜ አክስቴ ተነሡ። ወዴት እንደሚሄዱ አወቅሁ፤ አጎቴም አወቁ። የአጎቴ የተዘረጋ እጅ ወደ ታች ወረደ። አክስቴ ዛሬ ከወጡ ሌላ ጊዜ አይቀመጡም፤ ዘፈኑም የቀብር ሆኖ ይቀራል።

«ወዴት ነው?» አለ ዶዶንግ።

«ድስት ላጥብ።»

«ናንግ ቲባ» አለ ዶዶንግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በራሷ ለቅሶ ላይ ድስት ያጠበች ሴት ታይታ አታውቅም። እኛ እናጥባለን። እርስዎ ይቀመጡ።»

ሁለት ሴቶች ወደ ኩሽና ሄዱ። የቀሩት አክስቴን በክብር ይዘው፣ አስከሬን በሚቀመጥበት ግድግዳ በኩል፣ ትልቁ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። አንድ ሰው ግራና ቀኝ ሻማ አቆመ። አክስቴ ሻማዎቹን አዩ፣ አጎቴን አዩ፣ ከዚያ ሕዝቡን አዩ። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው።

«እሺ፣ ሞቻለሁ» አሉ። «የሟች ፈቃድ ይፈጸማል ወይስ አይፈጸምም?»

«ይፈጸማል!» አሉ ሁሉም።

«ዝም በሉ።»

ይህ ከባድ ትእዛዝ ነበር። እኛ ዘንድ ሟች ብቻውን እንዳይመስለው በለቅሶ ወሬ አይቋረጥም። ግን ዝም አሉ። ካርታ የያዙት እንኳ ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ቆሙ። መቅጃውን ከፈትኩ።

አጎቴ ወንበራቸውን ጎትተው ጉልበታቸው የአክስቴን ጉልበት እስኪነካ ተጠጉ። ከመጀመሪያው በበለጠ ዝቅ ብለው ጀመሩ። ሰዎቹ ዝም ይበሉ እንጂ መሰናበቱን አልተዉም፤ በሰልፍ እያለፉ የአክስቴን ፊት ያዩ፣ ያማትቡና ይወጡ ነበር። ናንግ ፓሲንግ ብቻ ተራቸው ሲደርስ ጎንበስ ብለው አክስቴ ጆሮ ሥር ተንሰቀሰቁ። አክስቴ ለሚያልፈው ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቅ እያደረጉ ይሰሙ ነበር። አንድ ጊዜ እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠ። ሊነሡ ነው ብዬ ፈራሁ። አልተነሡም።

ዘፈኑ አለቀ። አጎቴ ቀና ለማለት አልደፈሩም፤ የጊታራቸውን ክር በአውራ ጣታቸው አፍነው ወለሉን ያዩ ነበር።

«ኤሊሴዮ» አሉ አክስቴ።

«አቤት።»

«ፓሲንግ ጆሮዬ ሥር ስታለቅስ ሁለተኛው ስንኝ አመለጠኝ። ድገመው።»

አጎቴ ጊታሩን አነሡ፣ ጣታቸው ግን ክሩን ስቶ ሌላ ቦታ አረፈ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ሳተ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር።

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«ውሰድ» አሉ አክስቴ። «ተቀምጫለሁ።»